ዝገቱን እንጂ ቆዳውን አትፋቁ፦ የአፄ ቴዎድሮስ ሕይወት በብረታቸው በኩል

በዚህ ጽሑፍ ላስቃኛችሁ የምሞክረው የአንድ በጣም የታወቀ ሰው ሕይወት ነው። በጣም የታወቀ ማለቴ ለማጋነን አይደለም። ስማቸው በአደባባይ፣ በትምህርት ቤት በር፣ በመንገድ ዳር በሚሸጥ ቲሸርት ላይ ሳይቀር አለ። አፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ደግሞ ስለ እሳቸው ምን ያልተባለ ነገር ተገኝቶ ነው ትሉ ይሆናል። እውነትም ቴአትር ተሠርቶላቸዋል፣ ልብ ወለድ ተጽፎላቸዋል፣ ተዘፍኖላቸዋል። እኔ ግን ሕይወታቸውን በአንድ ጠባብ በር ገብቼ ማየት ፈለግሁ። በሩም ብረት ነው፦ ድል የነሳቸው መድፍ፣ ራሳቸው ያስቀለጡት መድፍ፣ በስጦታ የተቀበሉትና መጨረሻ ላይ የጠጡት ሽጉጥ።

ወደዚህ በር የመሩኝ አንድ የሰፈሬ ሰው ናቸው። የምኖረው ወሎ ሰፈር ነው፤ ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ ሲኬድ፣ ወደ ጎተራ የሚወስደው የኢትዮ ቻይና መንገድ የሚነሳበት አካባቢ። ከጎረቤቶቻችን አንዱ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ በመሣሪያ ጥገና ሲሠሩ ኖረው በጡረታ የተገለሉ አዛውንት ናቸው። ትውልዳቸው ወሎ፣ ተንታ አካባቢ፣ ማለትም ከመቅደላ አምባ ብዙም ሳይርቅ ነው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ ሰፈር ውስጥ እንደምንጠራቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋሼ ዛሬ ጠመንጃ የላቸውም፤ እውቀቱ ግን እጃቸው ላይ አለ። የሕይወት ታሪክ ጻፉ ተብለን ቴዎድሮስን መምረጤን ስነግራቸው ስለ ንጉሡ ጀግንነት አላወሩኝም። የተናገሩት ስለ ድሮ ጠመንጃ አወላወል ነው። መጀመሪያ ነገሩ ከርዕሴ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም ነበር። እስቲ እናንተም ትንሽ ታገሡኝ።

የብረት ቆዳ

የድሮ ጠመንጃ አፈሙዝ ቡናማ ወይም ጥቁር የሚሆነው ቀለም ስለተቀባ አይደለም። ቀለም የሚመስለው ነገር ራሱ ዝገት ነው። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ሠሪዎች ብረቱን አጥበው ቅባቱን ሙልጭ አድርገው ካስለቀቁ በኋላ አሲድነት ያለው ውህድ ይቀቡትና ሆን ብለው ያዝጉታል። ከዚያ የላላውን ዝገት በቀጭን ሽቦ ብሩሽ ያራግፉለታል። እንደገና ይቀቡታል፣ እንደገና ያራግፉታል። ሥራው ቀናት ይፈጃል። በስተመጨረሻ ስስ ሆኖ ብረቱ ላይ ጥብቅ ያለ ቡናማ ቆዳ ይቀራል። በየመሃሉ በፈላ ውሃ ከተቀቀለ ደግሞ ቡናማው ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ ጥቁር ሆኖ ወደ ሰማያዊ የሚመታው የጠመንጃ መልክ የሚገኘው እንዲህ ነው። ይህ ቆዳ ዘይት ይይዛል፣ ፀሐይ አያንጸባርቅም፣ ብረቱንም ከመጥፎው ዝገት ይከላከላል። መጥፎው ዝገት ሌላ ነው። እሱ ቀይ ነው፣ ይረግፋል፣ እርጥበት ይስባል፣ ወደ ውስጥ እየቆፈረ ይሄዳል።

እንግዲህ ችግሩ የሚመጣው ሁለቱን መለየት ሲያቅት ነው። ከአያት የወረሰውን ጠመንጃ ከሣጥን ያወጣ ሰው ቡናማውንም ቀዩንም በአንድ ዓይን አይቶ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። አንዳንዱ በአሸዋና በሎሚ ያሸዋል። ሲጨርስ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል፤ ዘመድ አዝማድም ያደንቃል። ነገር ግን ከቆዳው ጋር ማህተሙም አብሮ ሄዷል። ለምሳሌ እኛ ሰናድር የምንለው የእንግሊዝ ጠመንጃ በጎኑ ባለው ሳህን ላይ ዘውድ፣ የንግሥት ቪክቶሪያን ስም የሚያመለክቱ ሁለት ፊደሎች፣ የተሠራበት ቦታና ዓመት ተቀርጸውበታል። እነዚህ ከጠፉ ያ ጠመንጃ ማን ሠራው፣ መቼ መጣ፣ በማን እጅ አለፈ ለሚለው ጥያቄ መልስ የለም። በቃ፣ የሚያምር ዲዳ ብረት ነው የሚሆነው።

ትክክለኛው መንገድ ብዙ ትዕግሥትና ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል። ከሁሉ በፊት መሣሪያው ጥይት ወይም ባሩድ እንዳልጎረሰ ማረጋገጥ የግድ ነው፤ ድሮ ከአፈሙዙ የሚጎርሱ ጠመንጃዎች ለብዙ ዓመት ጎርሰው ተቀምጠው ሊገኙ ይችላሉ። ከዚያ ቀጭን ዘይት ቀብቶ አንድ ሁለት ቀን መተው፣ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ እምቢ ያለውን ቀይ ዝገት ብቻ ከብረቱ በሚለሰልስ የነሐስ ጭረት ቀስ እያሉ ማንሳት ነው። ቀዩ ሲያልቅ ይቆማል፤ ቡናማው ዥንጉርጉር ቢሆንም ይተዋል። በመጨረሻ ስስ ዘይት ወይም ሰም ይቀባል። ቅርስ ጠባቂዎችም የሚሠሩት በዚሁ መንፈስ ነው፦ በጥቂቱ መንካት፣ የተጨመረው ነገር ተመልሶ ሊነሳ የሚችል እንዲሆን ማድረግ። ብር ደግሞ የባሰ ስስ ነው። በተወለወለ ቁጥር ከላዩ ጥቂት ብር ይነሳል፤ ብዙ ጊዜ የተወለወለ የብር ሳህን ጽሑፉ ደብዝዞ ደብዝዞ ይጠፋል።

ይህን ከሰማሁ በኋላ ነው ስለ ቴዎድሮስ የሰበሰብኳቸውን መጻሕፍት በሌላ ዓይን ማየት የጀመርኩት። በእርግጥም በእሳቸው ሕይወት ላይ ቀይ ዝገት አለ፣ ቆዳ አለ፣ ብርጭቆ ወረቀትም አለ።

የኮሶ ሻጭ ልጅ የተባለው ካሳ

ካሳ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. አካባቢ ቋራ ተወለደ። አባቱ ኃይሉ ወልደ ጊዮርጊስ፣ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ ወንድበወሰን ይባላሉ። በአባቱ በኩል ከቋራ ገዢዎች ወገን ነው፤ ዘመዱ ደጃዝማች ክንፉ በምዕራቡ ጠረፍ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ድል ያደረጉ ስመ ጥር ሰው ነበሩ። አባቱ ቀድመው ስለሞቱ ግን እናትና ልጅ ተቸገሩ። በኋላ ጠላቶቹ የኮሶ ሻጭ ልጅ እያሉ የሰደቡት ያንን የችግር ዘመን ይዘው ነው። ካሳ የቤተ ክህነት ትምህርት ተምሯል፤ ማንበብና መጻፍ የሚችል፣ መጽሐፍ ቅዱስን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነበር። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ጎንደር ላይ የተቀመጠው ንጉሥ ለስም ያህል እንጂ ሥልጣኑ በየአገሩ መሳፍንት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ደብረ ታቦር ተቀምጠው በሚገዙት በራስ አሊ እጅ ነበር።

ካሳ ቆላ ወርዶ ሸፈተ። የተከተሉት ሰዎች እየበዙ ሲሄዱ ራስ አሊና እናታቸው እቴጌ መነን በጋብቻ ሊይዙት አሰቡና የራስ አሊን ልጅ ተዋበችን ዳሩለት። ጋብቻው ፖለቲካ ነበር፤ ፍቅሩ ግን እውነት ሆነ። ተዋበች ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጋር ቆመች። በ1850 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስም የቅርብ አማካሪው እንደነበረች ይነገራል።

ደባርቂ

የካሳን ሕይወት ከብረት ጋር ያሳሰረው ዓመት 1840 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ካሳ ጠረፍ ተሻግሮ ደባርቂ በሚባል ቦታ ከግብፅ ወታደሮች ጋር ገጠመ። ግብፆች ምሽግ ሠርተው፣ መድፍ ተክለው፣ በሥርዓት ተሰልፈው ነበር የጠበቁት። የካሳ ሰዎች እንደ ልማዳቸው በጀግንነት ሮጠው ገቡ። ጀግንነቱ ግን መድፉን አላሸነፈውም፤ ብዙ ሰው አለቀ።

ከዚያ ቀን በኋላ ካሳ ሁለት ነገር ሲመኝ ኖረ፦ ሥርዓት ያለው ጦርና መድፍ። ይህ ምኞት በሕይወቱ የመጨረሻ ቀን ድረስ አልተወውም። አንድ ሽንፈት የአንድን ሰው ቀሪ ዘመን እንዴት እንደሚቀርጽ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከታሪካችን አላገኘሁም።

ድሎቹ ተከታተሉ። በኅዳር 1845 ዓ.ም. ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ ታቁሳ ላይ የራስ አሊን ተባባሪዎች፣ በሰኔ ደግሞ አይሻል ላይ ራሳቸውን ራስ አሊን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ላይ የስሜኑን ደጃዝማች ውቤን ድል ነሳ። ውቤ ለራሳቸው ንግሥና ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፣ የካቲት 5 ቀን 1847 ዓ.ም.፣ ካሳ በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብቶ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተባለ።

ንጉሡ በዘውዱ የመጀመሪያ ዓመታት ያሰቡት ብዙ ነበር። የባሪያ ንግድን ለማስቀረት፣ ወታደሩ ገበሬውን እየዘረፈ ከሚኖር ደመወዝ እንዲከፈለው፣ የቤተ ክርስቲያን መሬት ከፊሉ ለመንግሥት ገቢ እንዲሆን ፈልገው ነበር። የመጨረሻው ከካህናቱ ጋር አጣላቸው። ያ ጠብ ደግሞ ቀስ በቀስ አገሩን ከእሳቸው አሸሸ።

ጋፋት፦ ቀጥቃጭ የተከበረበት መንደር

ከደብረ ታቦር ጥቂት ርቆ ጋፋት የሚባል ቦታ አለ። ንጉሡ የአውሮፓ ባለሙያዎችን ያሰፈሩት እዚያ ነው። አብዛኞቹ በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የሠለጠኑ፣ እጃቸው ሥራ የሚያውቅ ሚስዮናውያን ነበሩ፤ ቴዎፍሎስ ቫልድማየርና ዛልሙለር ከነሱ መካከል ናቸው። ከፖላንድ የመጣው ሞሪትዝ ሆልም ነበረ። ሚስዮናውያኑ የመጡት ወንጌል ለማስተማር ነበር። ንጉሡ ግን መንገድ ሥሩልኝ፣ ሠረገላ ሥሩልኝ፣ በመጨረሻም መድፍ ሥሩልኝ አሏቸው። መድፍ መሥራት አናውቅም ቢሉም ሰሚ አላገኙም። የመጀመሪያ ሙከራዎቻቸው ከሸፉ። እየሞከሩ፣ እየተሳሳቱ፣ እቶኑን እያሻሻሉ መጨረሻ ላይ ተሳካላቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብላችሁ አስቡት። በዚያ ዘመን ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ እየተባለ የሚሸሽበት አገር ነው። ማረሻውንም ጦሩንም የሚሠራለትን ሰው ማኅበረሰቡ ይሰድበው ነበር። ንጉሡ ግን ጋፋት እየተመላለሱ ሥራውን ራሳቸው ይከታተሉ ነበር፤ መንገድ ሲሠራም በእጃቸው ድንጋይ ያነሱ እንደነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል። የአገሬው ልጆችም ከባለሙያዎቹ ሥር ሆነው ሙያ እንዲማሩ አድርገዋል። እኔ በግሌ ከድሎቻቸው ሁሉ በላይ የማደንቀው ይህን ነው።

ከጋፋት ሥራዎች ትልቁ ሴባስቶፖል ነው። ስሙ የተወሰደው በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ለወራት ከተከበበችው የሩሲያ የወደብ ከተማ ነው። ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል፤ አፉ ሰፊ፣ ቁመቱ አጭር፣ ጥይቱን ወደ ላይ የሚወረውር ሞርታር ነው። የተሠራው ቀልጦ ሸክላ ቅርጽ ውስጥ ከተፈሰሰ ነሐስ ነው። ነሐስ ደግሞ እንደ ብረት ቀይ ዝገት አያወጣም፤ ዓመታት ሲያልፉ ይጠቁራል ወይም አረንጓዴ ይለብሳል፤ ያም ቆዳው ነው።

ሽጉጦቹና ደብዳቤው

አሁን ወደ ሽጉጦቹ እንምጣ። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ፕላውደን ለንጉሡ የቅርብ ወዳጅ ነበር፤ በ1852 ዓ.ም. ጎንደር አካባቢ በሽፍቶች ቆስሎ ሞተ። በምትኩ የተላከው ካሜሮን በ1855 ዓ.ም. ወደ ንጉሡ ሲቀርብ ከንግሥት ቪክቶሪያ የተላኩ ጥንድ ሽጉጦች ይዞ ነበር። ሽጉጦቹ ላይ የተለጠፈው የብር ሳህን ስጦታው ለፕላውደን ለተደረገው ደግነት ምስጋና መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ተቀርጾበታል።

ንጉሡ ስጦታውን በወዳጅነት ምልክትነት ተቀበሉ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥቲቱ ደብዳቤ ጻፉ፤ መልእክተኛ ለመላክና ወዳጅነትን ለማጥበቅ ፈለጉ። ደብዳቤው ለንደን ደረሰ፤ መልስ ግን ሳይሰጠው ተቀመጠ። አንድ ዓመት አለፈ። ንጉሡ እንደተናቁ ቆጠሩት። በ1856 ዓ.ም. ካሜሮንን፣ በኋላም ሌሎች አውሮፓውያንን አሰሩ። አንድ ያልተመለሰ ደብዳቤ ጦርነት አመጣ ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ነገር ግን ከምክንያቶቹ መካከል አንዱ መሆኑን ማንም አይክድም።

ጎንደርና ወሎ

ብርጭቆ ወረቀቱ በጣም የሚፈገፍገው ይህን ክፍል ነው። የመጀመሪያው ዜና መዋዕል ጸሐፊ ደብተራ ዘነብ ንጉሡን ይወዳል፤ መጽሐፉም ከመጨረሻዎቹ መራራ ዓመታት በፊት ያቆማል። አለቃ ወልደ ማርያም ግን እስከ መቅደላ ይዘልቃል፤ የሕዝቡን መከራ አይደብቅም። እነ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት በቴአትር፣ እነ አቤ ጉበኛና ብርሃኑ ዘሪሁን በልብ ወለድ ቴዎድሮስን ከፍ አድርገው አሳይተውናል። የእኔ ትውልድ ንጉሡን ያወቀው ከዜና መዋዕሎቹ ይልቅ በእነዚህ ድርሰቶችና በነሱ ጥላ ሥር በበቀሉት ዘፈኖች ነው።

የሆነው ግን ሆኗል። በ1859 ዓ.ም. ንጉሡ ጎንደርን አዘረፉ፣ አቃጠሉ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ተወሰዱ። ብዙዎቹ ብራናዎች መቅደላ ላይ ተከማችተው በኋላ የእንግሊዞች ሲሳይ የሆኑት ከዚህ የተነሳ ነው። መቅደላ ተዘረፈ ብለን ስናዝን፣ ከመቅደላ በፊት ጎንደር መዘረፉንም አብረን መጻፍ አለብን።

ወሎ ደግሞ ገና ከንግሥናው መጀመሪያ ጀምሮ የዘመቻ አገር ነበር። ንጉሡ መቅደላን የያዙት በ1848 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማለት ይቻላል ጦር ይዘው ተመላልሰዋል፤ እህል ተቃጥሏል፣ ከብት ተነድቷል። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ባላባት ወደ ወርቂቱ ግዛት ገቡ። ንጉሡ በቁጣ አምባው ላይ ታስሮ የነበረውን የወርቂቱን ልጅና ሌሎች የወሎ እስረኞችን አስገደሉ፤ ከገደል ተወረወሩ።

ጋሼ ስለዚህ ሲያወሩ ድምፃቸው ዝግ ይላል። በልጅነታቸው ከአያቶቻቸው የሰሙት ቴዎድሮስ የአንድነት አባት ብቻ አይደለም፤ ጎተራ ያቃጠለ ንጉሥም ነው። ያም ሆኖ ግን መቅደላ ላይ እጄን አልሰጥም ማለታቸውን ሲያነሱ እኒሁ ሰው ቀና ይላሉ። ሁለቱንም በአንድ አፍ ይናገሩታል፤ አንዱ ሌላውን እንዲያጠፋላቸው አይፈልጉም። እኔ በመጻሕፍቱ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁትን ሚዛን ያገኘሁት እዚያው ወሎ ሰፈር፣ በእሳቸው በረንዳ ላይ ነው።

መቅደላ

በጥቅምት 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ደብረ ታቦርን ለቀው መድፎቻቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ተነሱ። አገሩ ከድቷቸዋል፤ የቀራቸው ጦር ጥቂት ሺህ ነው። ሴባስቶፖልን በገመድ የሚጎትቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ነበሩ። መንገድ ስለሌለ መንገዱ እየተሠራ ነበር የሚሄዱት፤ የጅጣንና የበሽሎን ሸለቆዎች ቋጥኝ እየፈለጡ ወርደው ወጡ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሚያሳዝነው ነገር፣ ያ ለመድፉ የተሠራ መንገድ ከኋላ ለመጣው ለጄኔራል ናፒየር ጦርም አገልግሏል።

ናፒየር ዙላ ላይ ያሳረፈው ጦር 13,000 ያህል ወታደር ነበረው። ከነሱ መካከል አዲስ ጠመንጃ የያዙ ነበሩ፦ ስናይደር። ከአፈሙዙ ሳይሆን ከኋላው የሚጎርስ ስለሆነ በደቂቃ ውስጥ እስከ አሥር ጊዜ ሊተኮስ ይችላል። የኛ ሰዎች የያዙት ከአፈሙዙ የሚጎርስ ነበር፤ ባሩዱን ጨምሮ፣ እርሳሱን ከትቶ፣ በዘንግ ጠቅጥቆ እስኪተኩስ ድረስ ጠላት ብዙ ጊዜ ተኩሷል። ስናይደር በጦር ሜዳ መጀመሪያ ከዋለባቸው ቦታዎች አንዱ አሮጌ ነው። አማርኛችን ሰናድር የሚለውን ቃል ያገኘው ከዚህ ጠመንጃ ነው።

ንጉሡ ከውጊያው በፊት በነበረው ቀን በቁጣ ከገዛ እስረኞቻቸው ብዙዎቹን አስገድለው ነበር። በማግሥቱ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ የስቅለት ዕለት፣ ጦራቸው በፊታውራሪ ገብርዬ መሪነት ከአምባው ወርዶ አሮጌ ሜዳ ላይ ገጠመ። መድፎቹ ከላይ ቢተኮሱም ብዙ ጉዳት አላደረሱም። ከኢትዮጵያውያን ወገን 700 ያህል ሰው አለቀ፤ ገብርዬም ወደቁ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ብቻ ነበሩ። የደባርቂው ትምህርት ከሃያ ዓመት በኋላ በባሰ መልክ ተመለሰ፦ መድፍ መኖሩ ብቻ አይበቃም፣ የሰለጠነ ተኳሽ፣ በቂ ባሩድና ከጎን የቆመ አገር ይፈልጋል።

ንጉሡ አውሮፓውያኑን እስረኞች ለቀቁ። በፋሲካ ዕለት ከብት ላኩ፤ ናፒየር ግን እጃቸውን ካልሰጡ ዕርቅ እንደማይኖር አቋሙ አልተለወጠም። በማግሥቱ ሚያዝያ 6 ቀን እንግሊዞች አምባውን ሲያጠቁ ንጉሡ የቀሩትን ሰዎች አሰናብተው በቪክቶሪያ ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። የወዳጅነት ምልክት ሆኖ የመጣው ብረት ማምለጫ ሆነ። ወታደሮቹ ሽጉጡን አንስተው የብር ሳህኑን ሲያነቡ ነው የማን ስጦታ እንደሆነ ያወቁት። ጽሑፉ በዚያች ሰዓት ደብዝዞ ቢሆን ኖሮ ይህን የታሪክ ምፀት ዛሬ ማንም አያውቀውም ነበር።

ከዚያ በኋላ መቅደላ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ። ምርኮው በ15 ዝሆኖችና በ200 ገደማ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ላይ በሐራጅ ተሸጠ። እቴጌ ጥሩወርቅ በመንገድ ላይ ሞቱ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ፤ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ አረፈና ዊንድሰር ተቀበረ። ከንጉሡ ራስ የተቆረጠው ፀጉር በለንደኑ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ሲቀመጥ ኖሮ በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሷል። ሴባስቶፖል ግን ስለከበደ ማንም አልወሰደውም።

ምን ይነሳ፣ ምን ይቅር?

ቀይ ዝገት የምለው ዘመቻውን ለማጽደቅ ሲባል ንጉሡን ገና ከጅምሩ ዕብድ አረመኔ አድርጎ የሳለውን የዚያ ዘመን የእንግሊዝ ጽሑፍ ነው። ያ መነሳት አለበት፤ ወደ ውስጥ ይቆፍራልና። ብርጭቆ ወረቀት የምለው ደግሞ ጎንደርን፣ ወርቂቱን፣ የመቅደላን እስረኞች አውጥቶ ጥሎ የሚያብረቀርቅ ጀግና ብቻ የሚያስቀረውን የኛን ፍቅር ነው። እሱም መቆም አለበት። ያ ሁሉ ጭካኔ ከጋፋት ሕልም፣ ከተዋበች ፍቅር፣ ከመጨረሻዋ ሰዓት እምቢታ ጋር ተጣብቆ ነው ቆዳ የሆነው። አንዱን ፍቀን ሌላውን ማስቀረት አንችልም፤ ከፋቅነው ማህተሙም አብሮ ይጠፋል።

እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነገ የሕያዋንንም የሙታንንም ሕይወት እንጽፋለን። አርታኢው የሚያምር ነገር ይፈልጋል፣ ቤተሰብ የሚያምር ነገር ይፈልጋል፣ አንባቢም እንደዚያው። የኛ ሥራ ግን ቀዩ ሲያልቅ እጃችንን ማንሳት ይመስለኛል።

አዲስ አበባ ውስጥ በቸርችል ጎዳና፣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ያለውን የሴባስቶፖል አምሳያ ሁላችንም በታክሲ ስናልፍ አይተነዋል። ዋናው ግን ወሎ፣ መቅደላ አምባ ላይ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቁበት ከ150 ዓመት በላይ ቆይቷል። ለክረምት ዕረፍት ወደዚያ አቅጣጫ የምትሄዱ ካላችሁ አምባውን ውጡና እዩት። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ጭረቱን፣ ጥቁረቱን፣ የጎደለውን ሁሉ እንዳለ ጻፉት።